ወንድሜ የገጠመልኝ ስካነር

ውድ ወንድሜ ሮይስ፣

«ውድ» የምትለዋን ቃል ከጻፍኳት በኋላ ብዙ አየኋት። ልሰርዛት ነበር። ግን ከአንተ ሌላ ወንድም የለኝም፤ ትቆይ።

ፓስተራችን መልእክትህን አድርሰውልኛል። ወንድምና እህት በአንድ ስህተት አይቆራረጡም ብለሃል አሉ። መልሴን በሰው አፍ ልልክልህ አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ዋልተር ሞቶ ቤቱ ጭር ሲልብኝ የፖሊስ ሬዲዮ የሚጠልፈውን ስካነር ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ። ዕድሜህን ሙሉ በፈቃደኝነት እሳት ስታጠፋ የኖርክ ሰው፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮ እየሰማሁ ብውል ብቸኝነቱ እንደሚቀለኝ ታውቅ ነበር። ጣሪያ ላይ ወጥተህ አንቴናውን ከጭስ ማውጫው ጋር ስታስር እኔ መሰላሉን ያዝኩልህ። «ወፍራም እህት ያለው አይወድቅም» ብለህ አሳቅከኝ፤ ዋልተር ከተቀበረ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ኩሽና ተቀምጠህ ቻናሎቹን ሞላህልኝ። በመጨረሻም ፖሊሶቹ ከመኪና መኪና የሚነጋገሩባትን ጨመርክ።

«ይቺን ከእኔና ከአንቺ ሌላ በዚህ ከተማ የሚያዳምጣት የለም» አልከኝ። «የሰማሽውን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተዪው።»

እኔ እንደ መሐላ ነበር የወሰድኩት። ስንት ነገር ሰማሁ፤ የማን ልጅ ሰክሮ እንደተያዘ፣ የማን ቤት ፖሊስ እንደተጠራ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ እጃቸውን እጨብጣለሁ።

ልጄ ታምሲን ከባሏ ከኩርት ያመለጠች ቀን ስካነሩ ሥር ተቀምጬ እጸልይ ነበር። እሷ በስልክ የነገረችኝ ፖሊስ እንደደረሰላት ብቻ ነው። ባሏ ጠመንጃውን ይዞ መጥፋቱን የሰማሁት ከሬዲዮው ነበር። በኋላ አንዱ ፖሊስ በዚያች ቻናል ላይ ለጓደኛው፣ ልጅቷን ከሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው የእንግዳ ቤት እንዳደረሳት ነገረው። ስካነሩን አቅፌ አለቀስኩ። አንተንም መረቅኩህ ሮይስ፤ እውነቴን ነው፣ በስምህ መረቅኩህ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬን ከፈትኩ። ባለቤቱ የማይታወቀው፣ ከተማው ሁሉ የሚያነበው ያ የወሬ ገጽ ላይ፣ ከባሏ የሸሸች ሴት በፖሊስ ታጅባ ከሉተራኑ ጀርባ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ገባች የሚል ተጽፏል። ወዲያው ለፖሊስ ደወልኩ። ኩርት ግን ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። በሩን ገንጥሎ ገብቶ በጠመንጃው ሰደፍ መንጋጋዋን ሰበረው። ፖሊሶቹ ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ዛሬ ሌላ ደብዳቤ እጽፍ ነበር።

ከሆስፒታል በቀጥታ አንተ ጋ መጣሁ። ሣር እያጨድክ ነበር። ገጹ የማን እንደሆነ ስጠይቅህ የማጨጃውን ሞተር አጠፋህና ጫማህን አየህ። «ያንተ አይደለም በለኝ» ብዬ ጠበቅሁህ። ዋሽተህ እንኳ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«ሰዉ ማወቅ አለበት ብዬ ነው ኔድራ። ስም እኮ አልጠራሁም» አልክ።

«የበሩን ቀለም ጠራህ።»

«የእኛዋ ታምሲን መሆኗን አላወቅሁም።»

«የሌላ ሰው ልጅ ብትሆንስ?»

ሰዎች ከጽሑፍህ ሥር እየገቡ፣ ወሬ የሚያቀብላቸው ማን እንደሆነ ሳያውቁ «እግዜር ይስጥልን» ሲሉህ ደስ ይልህ ነበር፤ ገባኝ። በሰው መከራ ተመስጋኝ ሆንክ። ያን ሳምንት ቤትህን ዘግተህ ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤትህ ሄድክ። ሆስፒታል ብቅ ብለህ ዓይኗን እንኳ አላየህም።

ኩርት ታስሯል። ታምሲን መንጋጋዋ ሲድን ከዚህ አገር ወጣች። ባለፈው እሑድ ደወለች። የት እንዳለች ጠየቅኳት። «እማዬ፣ አንቺን ሳላምንሽ ቀርቼ አይደለም። ግን ከነገርኩሽ አንድ ቀን ለወንድምሽ ታዝኚለትና ትነግሪዋለሽ» አለችኝ።

አልነግረውም ብዬ ልምል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ፤ ልክ ነበረች። ሳስብህ እስካሁን ታሳዝነኛለህ። ስለዚህ ልጄ የምትኖርበትን አላውቅም፤ እንዳትነግረኝም ለምኛታለሁ።

ሐይቁ ብርድ አለው፣ ራስህን ጠብቅ። እኔ ጋ ግን አትምጣ።

የእናትህ ልጅ፣
ኔድራ