የሞተ ሰው ጎል በላጲስ ስለማጥፋት

ይድረስ ለተከበሩ የወጣቶች ሆኪ ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ዓይንዎ ቁጥር ለመለየት፣ እጅዎ እርሳስ ለመጨበጥ እንደበረታ እንዲቆይልን፣ ቤትዎም ሙሉ እንደሆነ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ከቤታችን አንድ ሰው ጎደለ እንጂ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።

እኔ የአውቶቡስ ጋራዡ ሰፈር ቡድን የግራ ተከላካይ ነኝ። ደብተርና እስክሪብቶ ከእርስዎ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የምገዛ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስለሆንኩ መልኬን ሳያውቁት አይቀሩም። ባያውቁኝም አልቀየምም፤ የዘጠኝ ቁጥሩ ታናሽ ወንድም ነኝ ስል ሰው ሁሉ «አሃ!» ይላል፣ በራሴ «አሃ» ተብዬ ግን አላውቅም። ወንድሜ ከሦስት ወር በፊት፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከልምምድ በብስክሌት ሲመለስ የጭነት መኪና ገጭቶት ሞተ። በቀብሩ ላይ ከፊት ቆመው ስለነበር ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም ነበር፤ የምነግረው ደብዳቤውን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ነው።

ባለፈው ሰኞ የዘንድሮው ውድድር የቡድኖች ደረጃ በስፖርት አዳራሹ የመስታወት በር ላይ ተለጥፎ አየሁ። ደረጃ ለምን እንደሚሰጥ አሠልጣኛችን፣ ጎማ ጠጋኙ፣ በትዕግሥት አስረድተውናል፦ ጠንካሮቹ ገና በመጀመሪያው ቀን እርስ በርስ እንዳይጣጣሉ አንደኛው ከስምንተኛው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው እየተባለ ይደለደላል፤ ደረጃውም ባለፈው ዓመት ውጤት ይወሰናል። መልካም ሕግ ነው። አምና፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር በተጫወተበት ዙር፣ ከስምንት ቡድኖች በአሥራ አራት ነጥብ ሁለተኛ ወጥተን ነበር። ዘንድሮ በስድስት ነጥብ ስምንተኛ ተብለናል። ስምንት ቡድን ባለበት ከስምንተኛ በታች መውረጃ የለም፤ ቢኖር ኖሮ እንደማይነፍጉን እርግጠኛ ነኝ።

አሠልጣኛችን የዘይት እጃቸውን ታጥበው የኮሚቴው ጸሐፊ ዘንድ ሄዱ። ጸሐፊው እርስዎ በእጅዎ ያረሙትን መዝገብ ገልጠው፣ «ጋሼ፣ የሌለ ልጅ ጎል እንዴት ተደርጎ ይቆጠራል? ቡድኑ የሚመዘነው ዛሬ ባለው አቅም ነው» አሏቸው። አብሬ ነበርኩና መዝገቡን አየሁት። አምና ካገባናቸው አሥራ አራት ጎሎች ወንድሜ ያገባቸው ዘጠኙ በላጲስ ጠፍተው፣ የጨዋታዎቹ ውጤት እንደ አዲስ ተሠርቷል። ወረቀቱ ከመታሸቱ ብዛት ሳስቶ ከኋላው ብርሃን ያሳያል። ለዚህ ድካምዎ ምስጋናዬን ካቀረብኩ በኋላ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በአዲሱ ስሌት ሦስት ለአንድ ያሸነፍነው ጨዋታ አንድ እኩል ሆኗል፤ አንድ ለዜሮ ያሸነፍነው ያለ ጎል አልቋል፤ ሁለት እኩል የወጣንበትን ተሸንፈናል። ከሁሉ የደነቀኝ ግን የላይኛውን ሜዳ ቡድን ሁለት ለአንድ የረታንበት ነው። ሁለቱንም ያገባው ወንድሜ ስለነበር አሁን አንድ ለዜሮ ተሸንፈናል። በዚህም የላይኛው ሜዳ ቡድን ሦስት ነጥብ አግኝቶ ከሦስተኛነት ወደ አንደኛነት ከፍ ብሏል። የዚያ ቡድን በረኛ የእርስዎ ልጅ መሆኑ አጋጣሚ እንደሆነ አልጠራጠርም። ያን ቀን ጨዋታው ሲያልቅ ጓንቱን መሬት ጥሎ ሲያለቅስ አይቼው ነበር። ለካ አሸንፎ ኖሯል! ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ደስ አለው።

ሁለተኛ፤ ሕጉ ለሁሉ እኩል ቢሠራ ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር። የአምናው ሻምፒዮን ሁለቱ አጥቂዎች ዕድሜያቸው ከገደቡ አልፎ ወጥተዋል፤ ጎላቸው ግን አልወጣም። የላይኛው ሜዳ አማካይ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ስድስቱ ጎሎቹ እዚሁ ቀርተው ለቡድኑ ያገለግላሉ። ከዚህ የተረዳሁት ለጎል ደኅንነት ከመሞት ይልቅ ቤት መቀየር እንደሚሻል ነው። ወንድሜ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ይጠነቀቅ ነበር።

ሦስተኛ፤ ካጠፏቸው ዘጠኝ ጎሎች አራቱ የገቡት ከእኔ በተቀበለው ኳስ ነው። እኔ እንደሚያዩኝ አልሞትኩም። ከግራ መስመር ተነሥቼ፣ ሁለት ሰው አልፌ፣ ዱላዬን አዙሬ ኳሷን ያቀበልኩት እንግዲህ ለማን ነበር? በኮሚቴው ስሌት ለማንም። በመዝገብዎ ውስጥ ባዶ ሜዳ ላይ ኳስ የሚያቀብል ቂል ሆኜ ቀርቻለሁ።

የሚቀጥለው ቅሬታ አይደለም፣ ቅናት ነው። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል፤ የእኔ ከነቀዘ ቆይቷልና ሳልደብቅ ልጻፈው።

በልጅዎ እቀናለሁ። ያለፈውን ዓመት በእርሳስ የሚያስተካክልለት አባት ያለው ሌላ ልጅ አላውቅም። የእኔ አባት የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ እሱ ነክቶት ያልተነሣ ሞተር የለም ይባልለታል። የወንድሜን ብስክሌት ከፖሊስ ጣቢያ ተቀብሎ አመጣውና የተጣመመውን ጎማ ሽቦ በሽቦ አቃናው፣ ፍሬኑን ቀየረው፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባው። አሁን ብስክሌቱ በራችን ሥር እንደ አዲስ ቆሟል፣ የሚነዳውም የለም። አባቴ ያቺን አንዲት ሐሙስ ግን ማቃናት አልቻለም። የእርስዎ እጅ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አቃንቷል። እንዲህ ያለ እጅ ሳይ እንዴት አልቀና?

በወንድሜም እቀና ነበር። እናቴ «ልጆቼ» ብላ ስትጠራን ዓይኗ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር። ጎል ባገባ ቁጥር በቁም ሳጥናችን በር ውስጠኛ በኩል አንዲት ሰረዝ በእርሳስ ያሰምር ነበር፤ እኔም በየማለዳው ካልሲዬን ለማውጣት ያንን በር እከፍት ነበር። አንድ ቀን ተጣልተን፣ እሱ በሌለበት፣ ከእርስዎ መደብር በገዛሁት ላጲስ አምስት ሰረዝ አጠፋሁበት። ሲመለስ አየውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ቀናተኛ! ደምስሰው፤ መረቡ እንደሆነ ያውቀዋል» አለኝ። ተመልሶ አላሰመራቸውም። ቦታው ዛሬም ነጭ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የሠሩትን ሥራ ከእርስዎ ቀድሜ እኔ ሠርቼዋለሁ። የዘጠኝ ቁጥሩ ጎል እንዲጠፋ ከእኔ የበለጠ የተመኘ ሰው በዚህ ከተማ አልነበረም። ሰኞ ዕለት ምኞቴ በማኅተም ጸድቆ በር ላይ ተለጥፎ ሳየው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። እኔ ላጲሱን ባነሣሁ ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እርስዎስ ስንት ዓመትዎ ነው?

የምጠይቀው ምሕረት አይደለም። ወንድማቸው የሞተባቸው ልጆች ናቸውና ከፍ ይበሉ አላልኩም፤ የዛሬ አቅማችን ስምንተኛ ሊሆን ይችላል፣ እኔም አንዳንድ ማታ እንደዚያ ይመስለኛል። አቅም መመዘን ካስፈለገ ግን የሚመዘነው በሜዳ ነው፤ ሁላችንም ከውድድሩ በፊት ሁለት ሁለት የማጣሪያ ጨዋታ እንጫወትና በዚያ ደረጃ ይውጣልን። ጊዜ የለም ከተባለ የአምናው ውጤት እንደተጫወትነው ይወሰድ፤ የሄደም ያደገም የሞተም ጎሉ ባለበት ይቆይ። በሁለቱም መንገድ ልጁ የሚጫወትለት ሰው እርሳሱን ለሌላ ያቀብል። አቤቱታ የሚቀርበው እስከ ሐሙስ ነው ተብሏል። ሐሙስ ካለፈ ወንድሜ አምና እንዳልተጫወተ ሆኖ ይጸድቃል፤ እናቴም አምና ከጋዜጣ ቆርጣ ግድግዳ ላይ የለጠፈችውን ሁለት ለአንድ የሚለውን ውጤት ልታነሣው ይሆናል። ይህን የሚነግራት ሰው ከኮሚቴው ቢላክልን ወንበር አዘጋጅተን እንጠብቃለን።

ድካምዎን ባለመቁጠር ይህን ሁሉ ስለደመሰሱልን እያመሰገንኩ፣ ላጲስዎ እንዳያልቅ፣ እርሳስዎ እንዳይዶለዱም እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች ከስምንተኛው እርከን እጅ የምነሣ፣

የዘጠኝ ቁጥሩ ታናሽ ወንድም፣ የግራ ተከላካይ

ማስታወሻ፦ መዝገቡ ስለሳሳ እውነተኛው ውጤት አልነበብ ካለዎት ምስክር ከቤትዎ አይርቅም። ልጅዎ በለቅሶው ሦስቱንም ቀን እየመጣ እናቴ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ «እማማ፣ ሁለተኛዋን ኳስ አይቻት ነበር፤ ግን አልደረስኩባትም። ማንም አይደርስባትም ነበር» አላት። እናቴ ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለችው ያኔ ነው። ስለዚህ ዛሬ እራት ላይ ማን እንዳሸነፈ እሱን ይጠይቁት፤ ከቤትዎ መሸነፍ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔም ወንድሜን የምጠይቀው ብዙ ነገር ነበረኝ። ጠይቀውት የሚመልስልዎ ልጅ ከማዕድዎ ስላለ፣ ክቡር ሆይ፣ ከአንደኛ ደረጃዎ ይልቅ የምቀናብዎት በዚህ ነው።