አሥራ ዘጠኝ ጊዜ «ከነባለቤቱ»

ጥር 14
ግቢ ጠረግሁ። ፍየሏን አሰርሁ። ከሰዓት የርቀት ትምህርቱ የጥናት ርዕስ በዕጣ ደረሰን። የእኔ… «ሴቶች ለቡድሃ እምነት ያደረጉት አስተዋጽኦ»። ክፍሉ ሳቀ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ፣ ነገሌ ቁጭ ብዬ? ልቀይረው ይሆን? ባለቤቴ ብትኖር «የጀመርከውን ጨርስ» ነበር የምትለው። እጨርሳለሁ።

ጥር 17
ልጄ ሀይማኖት ከያቤሎ የሚነበብ በስልክ ላከችልኝ። ቡድሃን እናቱ ስትሞት ያሳደገችው አክስቱ ናት። መመንኮስ ፈለገች። ሦስት ጊዜ ጠየቀች፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አላት። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ሴቶቹን አስከትላ በእግሯ ሄደች። እግሯ አብጦ፣ አቧራ ለብሳ ደጅ ቆመች። ኋላ ተፈቀደላት። እምነቷ እምነቴ አይደለም። ያን እግር ግን የት ነው ያየሁት?

ጥር 18
ህንድ አገር ሳንቺ የሚባል ጥንታዊ መቅደስ አለ። ለሥራው ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ብዙዎቹ ሴቶች። አንዳንዷ ደግሞ «የእገሌ እናት» ተብላ።
ስልኩን አስቀምጬ ሳጥኔን ከፈትኩ። የቤተ ክርስቲያናችን የግንባታ መዝገብ፣ 1986። የእኔ የእጅ ጽሑፍ። «አሥር አለቃ ዮሴፍ ከነባለቤቱ።» «ገብረወልድ ከነባለቤቱ።» አሥራ ዘጠኝ ጊዜ! እኛ ግድግዳ ስናቆም ውሃውን ማን ተሸከመ? ባለቤቴ፣ ሀይማኖትን አዝላ… ያ እግር የእሷ ነው።
ይኸው ዝርዝር ለሃያ አምስተኛው ዓመት በእብነ በረድ ሊቀረጽ ነው። የካቲት 3 ለቀራጩ ይሰጣል።

ጥር 20
የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አቶ ባስልዮስ ዘንድ ሄድኩ።
«የሴቶቹ ስም በሰማይ ተጽፏል» አሉኝ።
«የወንዶቹ ነው ድንጋይ ያስፈለገው?»
«ቡድሃ ነው ይሄን ያስተማረህ?» አሉ፤ ስለ ጥናቴ ሰምተዋል።
«የሳትኩት እኔ ነኝ። የማርመውም እኔ።»
«እንግዲያው አሥራ ዘጠኙንም አምጣ። አንዷ ከጎደለች እንዳለ ይቀረጻል።»
ያኔ ብዙዎቻችን የወታደር ቤተሰብ ነበርን… ስንቱ ተዛውሯል።

ጥር 24
ሜጋ ደወልኩ። ሞያሌ ደወልኩ። ከባለቤቴ ጋር አሥር ስም ተገኘ።

ጥር 28
ጎረቤቴ ከሚላ ዘንድ። ያኔ ውሃውን በአህያዋ ከሴቶቹ ጋር ታመላልስ ነበር።
«አካም፣ ኦቦ ገብረወልድ? ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ።
ጄሪካኑን ሁሉ የማን እንደሆነ ለይታ ታውቅ ነበር። በጣቷ እየቆጠረች ስምንት ስም ነገረችኝ። ዘጠነኛዋን ግን «የቢንያም እናት» ብቻ ብላ ነው የምታውቃት።
«አንቺንም እጽፍሻለሁ።»
«እኔ እስላም ነኝ፣ ተወኝ። ይልቅ አህያዬን ጻፋት፣ የደከመችው እሷ ናት።»

የካቲት 2
የቢንያምን እናት ስም የሚያውቅ የለም። ሁሉንም ጠየቅሁ። በአንዷ ምክንያት ሁሉም ሊቀሩ ነው?
ቆይ… የሳንቺ ድንጋይስ?

የካቲት 3
አቶ ባስልዮስ እየቆጠሩ አነበቡ።
«‹የቢንያም እናት›… ይሄም ስም ሆነ?»
«ስንጠራት የኖርነው በዚህ ነው።»
ሃያኛዋ ላይ ቆሙ። «ከሚላ እስላም ናት እኮ።»
«ውሃዋን ስንቀበል ጠይቀናት ነበር?»
አህያዋን ስለማስጻፍ ያለችውን ነገርኳቸው። ከንፈራቸው ፈታ አለ። ዝርዝሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።
«አህያዋን ግን ተዋት» አሉ።

መጋቢት 12
ሰሌዳው ተሰቅሏል፤ ሃያውም የሴቶች ስም አለበት። ጥናቴንም ዛሬ አስረከብኩ። መጀመሪያ ገጽ ላይ «መታሰቢያነቱ ለባለቤቴ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት።
ለማሚቱ።