ውሃ የቋጠረ ጉልበት

የካቲት 7 ቀን 1977

ቀኝ ጉልበቴ ዛሬም አብጧል። ስጫነው ውስጡ ወዲያ ወዲህ ይላል... የልጄ ሚስት የሻሽወርቅ "እማማ፣ ሆስፒታል እንሂድ" አለች። ምን አገባት? ገብረየስ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ እኔ ላይ ጥሏት ሄደ። መች ጠየቀኝ?

የካቲት 8

ሄድን። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። ጉልበቴ ላይ መርፌ ሰክቶ ቀዳው። ቅራሪ የመሰለ ውሃ።

"ዳንኩ ማለት ነው?"

"አይደለም እማማ። መገጣጠሚያው ሲቆጣ ነው ውሃ የሚያመነጨው። ካስቆጡት ተመልሶ ይሞላል።"

በላስቲክ ፋሻ ጠቀለለው። እግርዎን ትራስ ላይ ይስቀሉ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይያዙበት፣ አይንበርከኩ... ልንወጣ ስንል "ስግደትም የለም" አለ።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። ቢሆንም የሰጠኝን ወረቀት ራሴ አነበብኩት። ስግደት የሚል የለበትም። ከአፉ የጨመረው ነው።

የካቲት 11

ጾም ገባ። የገብረየስን ዓይን አሳየኝ ብዬ ጾሙን ሙሉ ልሰግድ ተስያለሁ። ጉልበቴ ቀሎኛል። ለዚህ ካልሆነ ለምን ቀለለኝ?

የንስሐ አባቴ "ተቀምጠሽ ጸልዪ፣ ለሕመምተኛ ይፈቀዳል" አሉ። ለሰነፍም ይፈቀድ እንግዲህ።

"ያብጣል እኮ እማማ" አለች የሻሽወርቅ።

"ያንቺ ጉልበት ነው?" አልኳት።

የካቲት 26

ተመልሶ ሞላ። ከበፊቱ ይብሳል... ሐኪሙ እንደገና ቀዳው።

"ሰገዱ?"

ፋሻውን አቀበልኩት።

"በሞላ ቁጥር መርፌ መክተት ደግ አይደለም፤ ሊያመረቅዝ ይችላል። መድኃኒቱ እረፍት ነው።"

የእሱ ልጅ ውትድርና አልሄደ። ምን ያውቃል?

መጋቢት 3

ሰገድኩ።

መጋቢት 20

ማታ ላይ ጉዲና የሚባል ወታደር መጣ። ከገብረየስ ጋር አብረው የሠለጠኑ ናቸው።

"ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ወደ ሰሜን ይወስዱናል። ከመሳፈራችን በፊት ቦሌ፣ ከሽቦ አጥሩ አጠገብ ያቆሙናል። ገብሬ እናቴ ትምጣ ብሏል። መኪና ስለማያስጠጉ በእግር ነው የሚመጡት።"

ስለቴ ሰመረ... ጉልበቴ ግን አይታጠፍ፣ አይዘረጋ። የሻሽወርቅ ቀዝቃዛ ጨርቅ ስታፈራርቅበት አመሸች። አልከለከልኳትም።

መጋቢት 21

ትከሻዋን ይዤ ወጣሁ። አስፋልቱን ሳንሻገር እግሬ እምቢ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"በጀርባዬ ልዘልዎት፣ እማማ።"

እሷ ራሷ ክስት ያለች ናት... "እኔን ስትጎትቺ ሁለታችንም ልናጣው ነው። ሩጪ!"

አልሄድም አለች። ሰደብኳት። ያኔ ሮጠች።

አውሮፕላኑ በላዬ ሲያልፍ እዚያው ድንጋይ ላይ ነበርኩ።

ተመልሳ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"አየሽው?"

"አየሁት። ከስቷል።"

"ምን አለ?"

"ደህና ነኝ አለ።"

"ሌላስ?... ተናገሪ እንጂ አንቺ ሴት።"

"እኔን እያናገረ ዓይኑ ከኋላዬ ነበር፣ እማማ። መንገዱን ነበር የሚያየው።"

ትከሻዋን ይዤ ተነሳሁ።

ሚያዝያ 4፣ ስቅለት

እግሬ ትራስ ላይ ነው። እብጠቱ ጎደል ብሏል። ፋሻውን የምትጠቀልልልኝ የሻሽ ናት፤ ከሐኪሙ ይልቅ እጇ ለስላሳ ነው። ዛሬ ተቀምጬ ጸለይኩ።

ለስግደት ወደ ሚካኤል ልትሄድ ነጠላዋን ስታጣፋ ጠራኋት።

"ያንን ብርድ ልብስ ያዢ። አጥፈሽ ጉልበትሽ ስር አድርጊው። ሲደክምሽ ደግሞ ተቀመጪ።"

"ኃጢአት አይሆንም?"

"ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።"

ብርድ ልብሱን በብብቷ ይዛ ሄደች። ገብሬ የመጣ ቀን ካለንበት ተነስቶ በደህና ጉልበት ሊቀበለው የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል... እኔ እንግዲህ አልሆንም።