ያለ «ኦቦ» የተጻፈ ስም

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣ ደብረ ሲና።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለልዎ? እምዬንስ ሳሉ ተዋት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የምጽፍልዎ ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ቁጭ ብዬ ነው፤ ሰው እያስነሳኝ ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅር ይበሉኝ።

አባባ፣ የዛሬው ደብዳቤ ኑዛዜ ነው። በታኅሣሥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከወሊሶ ማዶ መጥተው ክፍል ያዢልኝ አሉኝ። ልጃቸው ዲንቄ እዚህ ሰበታ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ናት፤ ከእናቷ ከተለያየች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ለአስተርእዮ ማርያም አንዲት ሌሊት ከወላጆቿ ጋር እንድታድር ተፈቅዶላታል። ስማቸውን ብጠይቅ ዱቤ አሉኝ። እኔም መዝገቡ ላይ «አራት ቁጥር፣ ዱቤ» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ አገር ታላቅ ሰው «ኦቦ» ይባላል፤ እንደኛ «አቶ» መሆኑ ነው። መሐንዲስ ሲመጣ «ክቡር»፣ ጸሐፊ ሲመጣ «አቶ» የምል ሴት፣ ለባለጋቢው ሽማግሌ አንዲት ቃል ከበደችኝ።

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ውብአየሁ ደግሞ የዱቤ ነገር አይሆንላቸውም። ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል አስለጥፈዋል። በበዓሉ ዋዜማ እኔ ገበያ በወጣሁበት መዝገቡን ገልጠው ቢያዩ፣ ክፍሉን በዱቤ የሰጠሁት መሰላቸው! ሰርዘው ለአንድ ሾፌር ሰጡት። ቤቱም በበዓል እንግዳ ጢም አለ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ኦቦ ዱቤ ባለቤታቸውንና ዲንቄን ይዘው ገቡ። እናትየው የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ናቸው፤ አንዴም አልለቀቁትም። ክፍል የለም ብላቸው፣ ራስሽ ጽፈሽኝ የለም ወይ አሉኝ። መዝገቡን ብገልጥ ስማቸው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፤ ዕዳ መስሎ መሰረዙ ያን ጊዜ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገሩን ስነግራቸው፣ «ኢንተሎ፣ ልጄ፣ በስድሳ ዘመኔ የማንም ዕዳ ሆኜ አላውቅም፤ ኦቦ ብለሽ ብትጽፊው ኖሮ ሰው መሆኔ ይታወቅ ነበር» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጓሮ ያለችውን የራሴን ክፍል ለቀቅኩላቸው። ወይዘሮ ውብአየሁም ሲሰሙ ክው ብለው፣ የገዛ ፍራሻቸውን ተሸክመው መጡ፤ እሳቸው እኮ ለወትሮው ትራስ እንኳ አያውሱም! ጠዋት ብሄድ እናትየው የዲንቄን ጸጉር እየሠሩላት ነው። ክፍሏ ስለጠበበች ይቅርታ ብጠይቅ ልጅቱ ሳቀች፤ መጥበቧ ደግ ነው፣ እጄን በዘረጋሁበት ሁሉ እናቴን አገኘኋት አለችኝ። ወጥቼ አለቀስኩ።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችንን ሸማኔውን «አንተ አሥራት» ብዬ ብጠራቸው እርስዎ እንዴት እንደተቆጡኝ ያስታውሳሉ? ሸማኔም አቶ ይባላል ወይ ብዬ አኩርፌ ነበር። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉኝ ነበር፤ ከብዕር የወጣው እንደሚብስ አሁን አየሁት።

እምዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እትዬ የሺወርቅን፣ ወንድሜን ገብረየስን ከነልጆቹ፣ ሰላም ይበሉልኝ። አቶ አሥራትንም ሰላም ይበሉልኝ፤ «አቶ» የምትለዋን አደራ አይርሱብኝ፣ ብትዘገይም ከእኔ ናት።

ልጅዎ አረጋሽ
ሰበታ፣ ጥር 24 ቀን 1962 ዓ.ም.