ዲነር ስንት ሰዓት ነው?

ሰኞ፣ ጥር 4
የሚኒሶታ በረዶ መኪናዬን ውጦት አደረ። ጠርጌ ጠርጌ ከኮሎምቢያ ሃይትስ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። ኤጀንሲው እንድንከባከባቸው የሰጠኝ አዲሱ ሽማግሌ ሚስተር ኦርቪል ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በእርሻ ነው የጨረሱት፤ አሁን ልጃቸው ካረን ቤት ናቸው። አነጋገራቸው... አቤት! ቃሉን ይጎትቱታል፣ ይጎትቱታል፣ ከዚያ "ኡፍ ዳ!" ይሄም እንግሊዝኛ ነው? እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ ጥር 5
ራት ሳቀርብ "የስኳር ክኒንዎን ወሰዱ?" አልኳቸው። "ዊዝ ዲነር" አሉ። ከራት ጋር ማለታቸው ነው ብዬ ሰጠኋቸው፤ ዋጡት። ትንሽ ቆይቶ ላብ በላብ... ስኳራቸው ወርዷል! ጁስ አጠጣሁ፣ 911 ደወልኩ። ተረፉ፤ ተመስገን። ለካ ቀን ወስደውት ኖሯል። ካረን "አባቴ የሚለው አይገባሽም እንዴ?" አለችኝ። ዓርብ የኤጀንሲው ሱፐርቫይዘር ትመጣለች። ካባረሩኝ ማን ይቀጥረኛል? በጆሮዬ እኮ ነው የሰማሁት፤ ዲነር ነው ያሉት!

ረቡዕ፣ ጥር 6
ይጠረጥሩኛል፤ ሰው ሲጎድል ግን ይጠሩኛል። የጠዋቷ ሠራተኛ ስለቀረች እኔን ላኩኝ። እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ጠረጴዛው ጋ ቁጭ።
"ዲነር ደረሰ?"
"አሁን? ላንች ነው እኮ!"
"ላንች ከሰዓት ነው፣ ኩኪስ ነገር። ማታ ሰፐር።"
ጉድ ፈላ! በእሳቸው ገጠር ዲነር ማለት ምሳ ነው። ለካ "ምሳ ላይ ወስጃለሁ" ነበር የሚሉኝ። "ዓርብ ይሄንን ይንገሩልኝ" አልኳቸው። አቀረቀሩ።
"ካረን እንዲህ ሳወራ አትወድም። የገበሬ ወሬ ትለዋለች።"
ገባኝ። እኔም ከጎጃም አዲሳባ ስገባ ገበያን "ገቢያ" ባልኩ ቁጥር ይስቁብኝ ነበር፤ እስክተወው ድረስ። ግን እንጀራዬስ?

ሐሙስ፣ ጥር 7
ነገ ሱፐርቫይዘሯ ትመጣለች። ይናገሩልኝ ይሆን?

ዓርብ፣ ጥር 8
ሱፐርቫይዘሯ "ምን ብለዋት ነበር?" አለቻቸው። ሽማግሌው ካረንን አይተው የሹራባቸውን ቁልፍ ይነካኩ ጀመር።
ካረን "ዲነር ማታ ነው። ይሄን የማያውቅ ማነው?" አለች።
ያኔ ጠረጴዛውን መቱት። "ማታ ሰፐር ነው! እናትሽ ዲነር ስታቀርብልሽ የኖረችው እኩለ ቀን ላይ ነው። ይቺ ልጅ የሰማችው እኔ ያልኩትን ነው።"
ካረን ቲማቲም መሰለች። "...እውነቱን ነው" አለች ቀስ ብላ። "ከእንግዲህ ስንት ሰዓት ላይ ብለሽ ጠይቂ" ተባልኩ፤ ሥራዬ አልተነካም። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9
ሌክ ስትሪት ሽንኩርት ስመርጥ ልጄ ሶሊያና ደወለች።
"ማም፣ ዌር አር ዩ?"
"ገቢያ።"
"ወት?"
"ገቢያ ነው ያልኩሽ። በእናትሽ አገር እንዲህ ነው የሚባለው።"
"ገ...ቢ...ያ" አለች ከዚያ፣ በሚኒሶታ አፏ። አልሳቀችም።