ደጋኑን እኔ ልያዝ

ሰኞ

ዛሬም አልሆነልኝም። ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ድምፅ መሲንቆ ነው፤ የጋሽ በላቸው መሲንቆ ግን አይደለም።

አምና ጤነኛ ሳሉ፣ እዚሁ ነገሌ እኔ ስቱዲዮ አስቀምጬ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ቀርጬ ነበር፦ በረጅም ስበት፣ በአጭር ምት፣ ተንሸራቶ የሚገባውን፣ የሚንቀጠቀጠውን። ያኔ ያሰብኩት ኪቦርድ ተጫዋቾች በመሲንቆ ድምፅ እንዲጫወቱበት ነበር። ከዚያ ስትሮክ መታቸው። ከቦሬ እስከ ያቤሎ ሰርግ ያደመቀው ቀኝ እጃቸው ደጋን መያዝ አቃተው።

ባለቤታቸው እትዬ ዳኪ ትናንት ገበያ አገኙኝ። "አካም ጅርታ፣ ልጄ?" ብለው ደህንነቴን ከጠየቁኝ በኋላ እንባቸው መጣ። "ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ነው የሚያየው። አንቺ ጋ ያለውን ድምፁን ቢሰማ ይሻለው ይሆን? ወይስ ይብስበታል?"

ማክሰኞ ይዤው እመጣለሁ አልኳቸው።

ማክሰኞ

ላፕቶፑንና ትንሿን ኪቦርድ ይዤ ሄድኩ። ከቀረጽኳቸው ድምፆች በኮምፒውተር ገጣጥሜ የሠራሁትን አንድ የሰርግ ዜማቸውን አሰማኋቸው። ፊታቸውን አዞሩ።

"አጥፊው። የሞተ ሰው ነው የሚጫወተው።"

አፋቸው ይተሳሰራል፤ ቃሉ ግን ገባኝ። እትዬ ዳኪ እስከ በር ሸኙኝ። መንገዱን ሁሉ አፈርኩ።

ረቡዕ

ደጋግሜ ሰማሁት። እውነታቸውን ነው። እኔ በገጣጠምኩት ዜማ ደጋኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ሰው እንዲህ አይጫወትም፤ ይስባል፣ ይመልሳል። አንዱ ድምፅ በስበት ከወጣ ቀጣዩ በመልስ እንዲወጣ አደረግኩ። መንሸራተቱን ዜማው ሲነሳ ብቻ ተውኩለት። ከኪቦርዱ ግራ ጫፍ ያሉትን ቁልፎች ለደጋኑ ሰጠሁ፦ አንዱን ስነካ ረጅም ስበት፣ ሌላውን ስነካ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ምት።

አንድ ቦታ ላይ ደነገጥኩ። ጋሽ በላቸው ከኋላዬ የተቀመጡ መሰለኝ። አለቀስኩ።

ሐሙስ

አልሄድኩም። ፈራሁ። ሰው ያጣውን እጁን በማሽን ማሰማት ደግነት ነው ጭካኔ?

ከሰዓት እትዬ ዳኪ ደወሉ። "ትምጣ ብሏል።"

"ተቆጥተው ነው?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ብቻ ነይ።"

ዓርብ

ያስተካከልኩትን ከፈትኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይቶ ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ጣቶቹ የመሲንቆውን ክር፣ ጭራውን፣ እንደሚጫኑ። ያ እጅ እኮ ደህና ነው! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም?

"ጋሽ በላቸው፣ ድምፁን አንቱ ይምረጡ። ደጋኑን እኔ ልያዝ።"

ደግፈን አስቀመጥናቸው። ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አደረግኩ፤ እኔ በግራቸው በኩል ተቀመጥኩ። ቁልፍ እንደ ጭራ አይደለም። ሳቱ፤ ተናደዱ፤ እንደገና ሞከሩ።

"ሳቢ!" ይሉኛል፤ እስባለሁ። "ቁረጪ! ቁረጪ እንጂ!"

እየቆየ አንድ ዜማ መጣ። አላውቀውም።

"የማን ነው?" አልኳቸው።

"የማንም። ተኝቼ ያሰብኩት ነው።"

እትዬ ዳኪ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ጓሮ መለሱ።

ዜማው ገና አላለቀም። ደክሟቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዕቃዬን ልሰበስብ ስል ግራ እጃቸው አሁንም ቁልፎቹ ላይ ነበር። ላፕቶፑንም ኪቦርዱንም እዚያው ትቼ መጣሁ።