አርባ አንዱን የእንሰት ችግኝ ስለ ጎበኙልኝ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጌታ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ወንበርዎንም አብሮ ይጠብቅልን። ስምዎንና የጽሕፈት ቤትዎን ስም ያልጻፍኩት ከአክብሮት ብዛት ነው፤ ሲያነቡት ራስዎን እንደማያጡት አምናለሁ። እኔ ሂሩት ሄራሞ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ድሮ ልብስ ይሸጥባት በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ በመብራት አትክልት የማበቅል፣ እርስዎም በጥቅምት ወር ከአሥራ ሰባት እንግዶች ጋር መጥተው የጎበኙኝ ሴትዮ ነኝ።

ይህ ለሁሉም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ክፍሏን ላላዩ ሰዎች ትንሽ ላብራራ። በመደርደሪያዎቹ ላይ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ ድንብላልና እንጆሪ አሉ፤ ከላያቸው ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡ መብራቶች ተሰቅለዋል፤ መብራት ባለበት ቀን ያድጋሉ፣ በሌለበት ቀን እንደ እኛው ይታገሣሉ። ከመሐል ወለሉ ላይ ግን አርባ አንድ የእንሰት ችግኝ ነበረኝ። ጎረቤቶቼ እንሰት ቤት ውስጥ ሲተከል አይተን አናውቅም ብለው ስቀውብኛል፤ እውነታቸውን ነው። ዳምቦያ ያለችው ታላቅ እህቴ ትርፊት ጓሮዋን ሙሉ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ጨርሶባት፣ እኔ ግምቦውንም ሲስቀላውንም ሞጬውንም፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ዓይነት ዝርያ፣ ካልታመመ የዘመድ ጓሮ ለምኜ ሰበሰብኩላት። በሽታው በነፍሳት፣ በአፈርና ከሁሉ በላይ በቢላዋ ስለሚተላለፍ ነው ደጅ ነስቼ በዝግ ክፍል ያሳደግኳቸው።

የትርፊት ልጅ ሚክያስ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እንደ እኩዮቹ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ሳለ፣ ችግኞቹ እስኪደርሱ እንዲቆይ ለምነን ቃል አስገባነው። ቃሉንም ጠብቆ አርባ አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ ጨረሰ። ይህንን ሁሉ ለእንግዶችዎ በኩራት ነገርኳቸው፤ እርስዎም ጸሐፊዎ እንዲመዘግበው አዘዙ። አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁ።

1ኛ. ለእህቴ ንጹሕ ችግኝ እንዲሰጣት ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስት ጊዜም በዕቅድ አልተያዘም ስለተባልኩ ከልብ አመሰግናለሁ። ያን ጊዜ ቢሰጡኝ ኖሮ እኔም ሞዴል አልሆንም፣ እርስዎም የሚያስጎበኙት አያገኙም ነበር።

2ኛ. ከበሩ ላይ ጫማና እጅ የሚነከርበት በረኪና ያለው ሳፋ አስቀምጬ ነበር። የልብስ ማጠቢያ መስሏችሁ ለፎቶ አያምርም በማለት አስነስታችሁ ደጅ ስላስቀመጣችሁልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

3ኛ. ሐምራዊው ብርሃን የእንግዶቹን ፊት ሬሳ ስላስመሰለው መብራቱ ጠፍቶ የብረት መዝጊያው ወደ ላይ እንዲከፈት አዘዙ። ዝንቡም ትንኙም እናንተም አብራችሁ ገባችሁ። ፎቶው ግን እውነትም አምሯል።

4ኛ. ስለ ባለሙያዎ ስለ አቶ ቲቶ ምን ልበል! ያን ዕለት ጠዋት ሀደሮ ላይ የታመመ እንሰት እየሰነጠቀ ለገበሬዎች በሽታውን ሲያሳይ እንደዋለ፣ ከዚያም በቀጥታ እንደመጣ ራሱ በኩራት ለእንግዶቹ ነገራቸው። ከዚያም ያንኑ ቢላዋ ከኪሱ አውጥቶ ዝርያዎቹን ለማለያየት ከየዓይነቱ አንዳንድ ቅጠል ቆረጠ። የቀሩትም ለፎቶ እንዲያምሩ ብሎ የደረቀ ቅጠላቸውን ከእያንዳንዳቸው ላይ አስተካከለልኝ። እጁን ይዤ ቢላዋው መታጠብ አለበት ስለው፣ በፈገግታ «እናቴ፣ ይህንን እኮ ለገበሬው የምናስተምረው እኛ ነን» አለኝ። እንግዶቹ ሳቁ። እርስዎም ሳቁ። እኔ ደግሞ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆች ሲረብሹ ዝም በሉ ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ እንግዳ ላለማሳፈር ብዬ ራሴ ዝም አልኩ። ለዚህኛው እርስዎን አልወቅስም፤ ራሴን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የመሐል ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። አንዱን ስቆርጠው ያ የማውቀው ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። አርባ አንዱንም በእጄ ነቅዬ አቃጠልኩ፤ እያለቀስኩ ነው ያቃጠልኩት። ሰላጣው ደህና ነው፤ ስለ ሰላጣው አያስቡ።

5ኛ. ችግኞቹን ባቃጠልኩ በአራተኛው ቀን «የእንሰት ዝርያ ጥበቃ ሞዴል» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት ተለብጦ ደረሰኝ፤ አብሮትም ስለ ቢላዋ ንጽሕና በሚሰጥ ሥልጠና ላይ እንድገኝ የሚጋብዝ ደብዳቤ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነውር ስለሆነ አልልም።

ሚክያስ ወሬውን ሲሰማ አልተቆጣም፤ ወደ ጉድጓዶቹም አልተመለሰም። በሳምንቱ ሄደ። ከሞያሌ አንድ ጊዜ ደውሎ ደህና ነኝ አለን፤ ከዚያ ወዲህ ይኸው አምስት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማንም። ደላላው ስልኩን ቀይሯል።

ክቡር ሆይ፣ መልስ በመጻፍ እንዳይደክሙ እየተማጸንኩ፣ ለሚቀጥለው ጉብኝትዎ ከእኔ የተሻለና በሩን የሚቆልፍ ሞዴል እንዲገጥምዎ እየተመኘሁ፣ በደስታዎ ቀን ያላጠፋሁትን ፈገግታ ዛሬ ስለማጥፋቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ሂሩት ሄራሞ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ የሚመለከተው ሰው ካለ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቴሌግራም ገጻችሁ ያወጣችሁትን የዘጠኝ ወር ሪፖርት አየሁት። ከእኔ ክፍል ፎቶ ሥር «በሞዴሏ ጥረት አንድ ወጣት ከሕገ ወጥ ስደት ድኖ በቀዬው በልማት ላይ ይገኛል» ይላል። ፊደል ያልቆጠረችው ትርፊት፣ መንግሥት ስለ ልጅሽ ጽፏል ሲሏት ከዳምቦያ ተነሥታ መጣችና አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። «እነሱ አይተውት ከሆነ የት ቀዬ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለችኝ። እኔ እስከ አሁን እያሽሟጠጥኩ ነበር፤ እሷ ግን ከልቧ ነው የጠየቀችው። ለእሷ ይመልሱላት።